ቋሊማ የጋበዙን ሽማግሌዎች

ጥቅምት ሰባት ቀን 2014 ዓ.ም. እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ጀርመን ቪሌጅ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ምግብ ቤት ጓሮ ስድስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠን ነበር። አባቴ ጣሰው፣ እናቴ ሮማን፣ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበርኩት እኔ፣ ሚስተር ኸርማን የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት አዛውንት፣ እና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቻቸው። ወንድማማቾቹ ስማቸውን ነግረውኝ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም ራሰ በራ፣ ሁለቱም ባለ መነጽር ስለነበሩ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዋናዎቹ ባለጉዳዮች ግን አልነበሩም። አንዷ አክስቴ ሐምራዊት ናት፤ የአባቴ ታናሽ እህት። በናይሮቢ በኩል በስደት ከእኛ አሥር ዓመት ቀድማ መጥታ፣ ሂልቶፕ በሚባል ሰፈር ፀጉር ቤት ከፍታ፣ ዲቪ ሲደርሰን ኤርፖርት የተቀበለችን እሷ ናት። ሌላው ማርክ ነው፤ የሚስተር ኸርማን የልጅ ልጅ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። የፀጉር ቤቷ መብራት ተበላሽቶ ሊጠግን አንድ ቀን መጣ። መብራቱ ተሠራ፤ ማርክ ግን ለሁለት ዓመት መምጣቱን አላቆመም።

አባቴ ነገሩን ሲሰማ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ከፈለጋት ሽማግሌ ይላክ።»

አክስቴ ለማርክ ሁሉንም አስረዳችው፤ ሽማግሌዎቹ ሦስት መሆን አለባቸው፣ እሱም እሷም እዚያ አይገኙም። ማርክ የተባለውን ሁሉ ፈጸመ። የተዛነፈው ቦታው ብቻ ነበር። ወቅቱ የኮቪድ ስለነበር ሚስተር ኸርማን ሰው ቤት አይገቡም ተባለ፤ በዚያ ላይ የእናታቸውን አገር፣ የጀርመንን ምግብ ሊያቀምሱን ፈለጉ። አባቴ ከረባቱን እያሰረ ሲያጉረመርም ትዝ ይለኛል።

«ሽማግሌ የሚልኩት እነሱ፣ የምንሄደው እኛ! ምን ዓይነት ጉድ ነው ይሄ?»

«በሽታ ነዋ ጣሰው!» አለች እናቴ። «ደግሞ ምሳ አዘጋጅቶ የጠራ ሰው ይታማል?»

«ጉዳዩ ሳይነገር ማዕድ አይቀርብም። ይሄን የማያውቅ የለም።»

«ኦሃዮ ውስጥ የማያውቅ ይኖራል።»

እንዲያስተረጉሙ የታሰቡት ሚነርቫ ፓርክ የሚኖሩት ጋሼ ዘውዱ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት እዚህ አገር የኖሩ፣ አንደበታቸው የተመሰከረለት ሰው። ቅዳሜ ማታ ኮል አድርገው እያሳሉ «ቴስት አድርጌ ፖዘቲቭ ወጣሁ» አሉ። አባቴ ስልኩን ዘግቶ ሳሎኑን ዙሪያውን ቃኘ። ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«ኤርሚ አለ አይደል እንዴ? እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ነው የሚጠጣው።»

እውነት ነው፣ ጠጥቼዋለሁ። ችግሩ አንድ ጠብታ እንኳ ወደ ውጭ አውጥቼ አለማወቄ ነው። አሜሪካ በገባን በሁለተኛው ወር ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ከአንድ ዓመት በላይ የተማርኩት ፎረስት ፓርክ ባለው ቤታችን፣ መኝታ ክፍሌ ውስጥ፣ በላፕቶፕ፣ ማይኩን ዘግቼ ነው። መምህሯ የምትለው ሁሉ ይገባኛል። ስሜን ስትጠራ ግን ኔትወርክ የተቋረጠብኝ ለመምሰል ሳልንቀሳቀስ አፌን ከፍቼ እቀመጥ ነበር። በዚህም ጥሩ ውጤት አመጣሁ። ቤተሰቦቼ ደግሞ ውጤቱን እንጂ የተከፈተውን አፌን አላዩም።

እንግዲህ ጓሮው ውስጥ ተቀምጠናል። መሬቱ ቀይ ጡብ ነው፤ ከላይ ያለው ትልቅ ዛፍ ቢጫ ቅጠሉን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ይጥላል። ትእዛዙ አስቀድሞ ስለተሰጠ ምግቡ ወዲያው መጣ። በሰፊ የእንጨት ሳህን፣ እርስ በርሱ ተደግፎ የተኛ፣ እንደ አባቴ አውራ ጣት የወፈረ ቋሊማ። አጠገቡ የተከተፈ ጥቅል ጎመን፣ የድንች ሰላጣ፣ እንደ ገመድ ተጠላልፎ የተጋገረ ጨው የተነሰነሰበት ዳቦ፣ በትንሽ ሳህን ሰናፍጭ። የተጠበሰው ሥጋ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ሆዴ ጮኸ፤ አንደኛው ወንድምየው ሰምተው ፈገግ አሉ።

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ልጅቷን ጠይቃት። አሳማ አለበት ወይ በላት።»

አስተናጋጇ ጥቁር ማስክ አድርጋ አጠገቤ ቆማለች። ጥያቄውን በሆዴ አዘጋጀሁት፤ ሰዋስው እንኳ አልጎደለውም። አፌን ስከፍት ግን ከማስኬ ውስጥ የወጣው እንደ ትንኝ ያለ ድምፅ ነው።

«ምን አልከኝ የኔ ማር?» ብላ ጎንበስ አለች።

«ምንም» አልኳት።

«ምን አለችህ?» አለ አባቴ።

«የለበትም አለች።»

እንዲህ ነው ውሸት የተጀመረው። ሁለት ቃል ነው፤ ለእኔ ለዚያ ቀን ብዙ ንግግር ነበር።

አባቴ በስመ አብ ብሎ ቆረሰ። እኔም ጥርሴን ሰደድኩ። የቋሊማው ቆዳ ጧ ብሎ ተቀደደና ትኩስ ጭማቂው በአገጬ ወረደ። ጨው፣ ጢስ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው ቅመም አለበት። አስጠልቶኝ ቢሆን ኖሮ በደሌ ይቀልልኝ ነበር፤ ነገር ግን በሕይወቴ እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር በልቼ አላውቅም። የጣፈጠኝ ኃጢአቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ሁለተኛውን አነሣሁ፤ አንዴ ከገባሁ አይቀር ብዬ።

እናቴ የጽጌን ጾም ስለያዘች ዳቦውንና ጎመኑን ያዘች። ሰናፍጩን ስታይ ፊቷ በራ።

«ይሄማ የኛው ነው!» ብላ ዳቦዋን አጥቅሳ ጎረሰች። እንባ ሊመጣባት አፍንጫዋን አዘጋጅታ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። «ስኳር አድርገውበታል» አለች፣ ዘመድ እንደካዳት ሰው።

አባቴ ደግሞ ጎመኑን ቀምሶ ማኘክ አቆመ። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ይሄ ነገር ተበላሽቷል። ዝም ብላችሁ ብሉ፤ እንዳታሳፍሯቸው» አለ።

«አልተበላሸም፤ አኮምጥጠውት ነው» አለች እናቴ። «አንተስ ያልኮመጠጠ እርጎ መቼ ትጠጣለህ?»

«ምን ይላሉ?» ብለው ሚስተር ኸርማን በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ።

«ጥሩ ነው» አልኳቸው። አየህ፣ በደንብ እየሠራሁ ነው ብዬ ራሴን አደነቅሁ።

እሳቸው ግን አይበሉም ነበር። ቋሊማቸውን በቢላ እንደ ሳንቲም አሳንሰው ይቆርጡና ከሳህኑ አንድ ጠርዝ ወደ ሌላው ይገፉታል። የራሳቸውን አገር ምግብ አይወዱም ማለት ነው፤ ለእኛ ሲሉ ነው የተቸገሩት ብዬ አዘንኩላቸው። ሆዳቸው ውስጥ ያለው በሽታ ከሐምሌ ጀምሮ ምግብ እንደከለከላቸው ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሹካቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ወንድሞቻቸው በግራና በቀኝ ክንዳቸውን ያዙና አብረው ቆሙ። ሚስተር ኸርማን እጃቸውን አጣምረው በዝግታ ይናገሩ ጀመር። አምና ቤት ዘግተው ሲቀመጡ ማንም እንዳልቀረባቸው፣ ሐምራዊት ግን በየወሩ መቀሷን ይዛ መጥታ በረንዳ ላይ ፀጉራቸውን ታስተካክላቸው እንደነበር ተናገሩ። ሟች ባለቤታቸው ብታያት እንዴት እንደምትወዳት ተናገሩ። ማርክ ሞኝ እንጂ ክፉ እንዳልሆነ ተናገሩ። ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ።

«ሐኪሞቹ ገናን ታያለህ ብለው ቃል አልገቡልኝም። የእነዚህን ልጆች ሠርግ አይቼ ብሄድ ግን ቅር አይለኝም። ስለዚህ ፈቃድህን እለምንሃለሁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሁሉም ገብቶኛል፤ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ «ልሞት ነው» ማለታቸውን እንዴት አድርጌ፣ በየትኛው አፌ፣ በምሳ ሰዓት ለአባቴ እነግረዋለሁ? ላፕቶፕ ቢሆን ኖሮ ኔትወርክ ይቋረጥ ነበር።

«ሐምራዊትን ይፈልጋሉ» አልኩ።

አባቴ ጠበቀ። «ይሄን ሁሉ ተናግረው ይሄን ብቻ?»

«ሌላው ስለ ምግቡ ነው።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀና ተነሣ። ኮቱን ቆለፈ። መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሳጥን ሲያነሣ የሚውል ሰው መሆኑ ጠፍቶ ረጅም ሆነብኝ።

«ክቡራን አባቶች» አለ፤ «እኛን ፈልጋችሁ፣ ቤተሰብ እንሁን ብላችሁ በመምጣታችሁ አክብራችሁናል፤ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ሴት ልጅ ያለችበት ደጅ ይንኳኳል፤ የወግ ነው። እህቴ ግን አባታችን ሲሞት የሰጠኝ አደራ ናት። አደራ በአንድ ቀን ምሳ ተላልፎ አይሰጥም። እኛም ከዘመድ ጋር እንመካከርበት፤ እናንተም ተመለሱ። ደጃችን ክፍት ነው።»

ስድስቱም የፈረንጅ ዓይኖች እኔ ላይ አረፉ። ከመነጽሩ ጋር ብዙ ነው። «አደራ» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ዛሬም ስጠየቅ እንተባተባለሁ። አባቴ የሰጠውን ምክንያት ሁሉ ጨመቅሁትና የቀረልኝ ፍሬ ነገር አንድ ነበር፤ አልሰጠም።

«እምቢ ብሏል» አልኩ በእንግሊዝኛ። በጣም አጭር ሆነብኝ። «ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ» ብዬ ጨመርኩ፤ አባቴ ያላለውን።

ሚስተር ኸርማን ቀስ ብለው ተቀመጡ። አንደኛው ወንድማቸው ውኃ ቀዱላቸው፤ ሌላኛው ሒሳብ ጠየቁ። የሕፃን ራስ የሚያክል፣ ክሬም ያበጠበት ኬክ ለእያንዳንዳችን ቀርቦ ነበር፤ ሌላ ማንም አልነካውም። እኔ ሁለት በላሁ።

መኪና ውስጥ አባቴ በጣም ተደስቷል። «ጨዋ ሰዎች ናቸው። አየሽ፣ ምንም አልተከራከሩም!»

«ሽማግሌው ገርጥተው ነበር» አለች እናቴ።

«ሽማግሌ እንዲህ ነው፤ ልቡን አያሳይም። በሚቀጥለው እሑድ ይመለሳሉ።»

እኔ ከኋላ ወንበር፣ አሳማ በሆዴ፣ የተፈጠረውን ነገር እያጣራሁ ነበር። በእኔ ምርመራ መሠረት አባቴ ቋሊማውን ሲቀምስ አሳማ መሆኑን አውቆበታል፤ አሳማ ካበላ ሰው ጋር አልጋባም ብሎ እምቢ ብሏል። ስለዚህ የአክስቴን ትዳር ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ጥፋተኛው እኔ መሆኔን በትክክል ደርሼበታለሁ፤ ጥፋቱን ነው የሳትኩት።

በሚቀጥለው እሑድ እናቴ ቤት አጸዳች፤ ማንም አልመጣም። አክስቴም መምጣት አቆመች። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት ቤት የምታመጣኝ እሷ ስለሆነች ደጃችን ድረስ ታደርሰኛለች፤ ነገር ግን ከመኪናዋ አትወርድም፤ ክላክስ ነፍታ ትሄዳለች። እናቴ ስትደውል አታነሣም። ሁለተኛው እሑድ ሲያልፍ አባቴ መስኮት አጠገብ ቆሞ፣ «አንድ ጊዜ እንመካከርበት ሲባል የሚሸሽ ሰው፣ ሚስት ያኖራል?» አለ።

እኔ ደግሞ ንስሐዬን በራሴ ጀመርኩ። በየማታው በሬን ዘግቼ አርባ አንድ ስግደት እሰግዳለሁ። ጉልበቴ በምንጣፉ ተላጠ። እናቴ አየችና ልጄ መንፈሳዊ ሆነ ብላ ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሁሉ ተናገረች፤ እነሱም ሲያዩኝ ራሴን ይዳብሱኝ ጀመር። በተዳበስኩ ቁጥር ስግደቱን በአሥር ጨመርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ መብራት ይዞን ቆመናል። አክስቴ ሬዲዮ እንኳ አልከፈተችም። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«አክስቴ።»

«ወዬ።»

«እኔ ነኝ።»

«ምኑ ነህ?»

«ማርክን እንዳታገቢ ያደረግሁት። ቋሊማው አሳማ እንዳለበት አልጠየቅሁም። አፍሬ ነው። ጠየቅሁ ብዬ ዋሸሁ። አባዬ አውቆብኝ ነው እምቢ ያለው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ክላክስ ተነፋ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም።

«ቋሊማው የበሬ ነው» አለች። «ኸርማን አንድ ሳምንት ሙሉ ምግብ ቤቱን በስልክ ሲያስጨንቁ ነበር። ጎመኑ እንኳ ለእናትህ ጾም ብለው ያለ ቅባት ለብቻው አሠርተውታል።» መኪናዋን ወደ አንድ ጎማ ቤት ደጅ አስገብታ አቆመች። «ቆይ። አባትህ ‹አውቄያለሁ› አለ?»

«አላለም።»

«እና ምን አለ? ቃል በቃል ንገረኝ።»

አማርኛው ሁሉ በአእምሮዬ ስለነበር ከ«ክቡራን አባቶች» ጀምሬ «ደጃችን ክፍት ነው» እስከሚለው ድረስ ወረድኩት። አክስቴ መሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች።

«ተመለሱ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ኤርሚ፣ ይሄን ሁሉ ተረጎምክላቸው?»

«አሳጥሬ።»

«አሳጥረህ ምን አልካቸው?»

«እምቢ ብሏል።»

«ስለ ምግቡም አመሰግኛለሁ» አልኳት፤ ይጠቅመኛል ብዬ።

አክስቴ ግንባሯን መሪው ላይ ደገፈች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጠው ግን በሳቅ ነው። ከዚያ ሳቁ ተቋረጠ፤ ቀና ብላ በጣም በዝግታ ጠየቀችኝ።

«ስለ ሕመማቸው የተናገሩትንስ? ስለ ገናው?»

ወደ ጫማዬ አየሁ።

«ኦ ማይ ጋድ። ወንድሜ አያውቅም! ሊሞቱ ያሉ ሰው ለምነውት ፊቱን አዞረ ብዬ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ…» መኪናዋን አስነሣች። ቀበቶዬን እስካስር እንኳ አልጠበቀችም።

አባቴ ለማታው ሺፍት ሊነሣ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። እህቱ ሳታንኳኳ ገብታ ፊቱ ስትቆም ደንግጦ ተቀመጠ።

«ተናገር» አለችኝ። «አንድ ቃል ብታስቀር ወዮልህ።»

ተናገርኩ። ስለ መቀሱ፣ ስለ በረንዳው፣ ስለ ባለቤታቸው፣ ስለ ማርክ ሞኝነት። ገናው ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ፤ አባቴ ግን አልቸኮለም፤ እስክጨርስ ጠበቀኝ። በሕይወቴ ያን ያህል ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም ነበር። የሚቆጣኝ መስሎኝ ትከሻዬን አጥፌ ቆምኩ። እሱ ግን ወደ እኔ አላየም።

«የሚሞት ሰው ለምኖኝ ቀጠሮ ሰጠሁት» አለ። «ሮማን፣ ኮቴን።»

«ሥራህስ?» አለች እናቴ።

«ደውዬ ቀርቻለሁ እላለሁ። ኮቴን አምጪልኝ!»

ሚስተር ኸርማን ከምግብ ቤቱ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለች ትንሽ የጡብ ቤት ይኖሩ ነበር። ፀሐዩ ገና አልጠለቀም። በሩን ማርክ ከፈተ፤ አክስቴን ከኋላችን ሲያይ ቀላ። አዛውንቱ መስኮት ሥር፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰውነታቸው በግማሽ ቀንሷል። ወንበር አሳዩን። አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

«ጉዳዬ ሳይመለስ አልቀመጥም በላቸው።»

አልኳቸው።

«የሴት ወገን ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም። እኔ ግን መጥቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ንግግሬን ለሕፃን አሸክሜ። እህቴን ለልጅዎ እንድሰጥ ይፍቀዱልኝ በላቸው።»

ይህንንም አልኳቸው። ሕፃን የምትለዋን ልዘላት ፈልጌ ነበር፤ አክስቴ ከኋላዬ ትከሻዬን ቆነጠጠችኝ፤ እሷንም ጨመርኩ። ከዚያም በራሴ ፈቃድ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ እኛ ዘንድ በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል፣ ተመለሱ ማለት ተመለሱ ማለት እንደሆነ፣ ይህን አሳጥሬ ያስቀረሁት እኔ እንደሆንኩ አስረዳኋቸው። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቢሆንም ተሰምቷል።

ሚስተር ኸርማን ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ አባቴን አዩት። ፊታቸውን ኮስተር አድርገው አንድ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?» አለ አባቴ ቆሞ።

«ከወንድሞቼ ጋር እንመካከርበት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ አሉ።»

ማርክ «ግራንድፓ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ ግን ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፤ ቀና ሲል ፊቱ እንደዚያ ቀን በርቶ አይቼው አላውቅም።

«ይሄ ሰው ወግ ያውቃል!» አለ።

እሑድ ተመለስን፤ እሺ አሉ። ሠርጉ የነቢያት ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ በዚያችው የጡብ ቤት ጓሮ ሆነ። ሚስተር ኸርማን በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ ሳምንት፣ ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ቀን ዐረፉ።